ስቱኮውን አራግፈው እውነቱን ላሳዩኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ከፋሲካ በፊት ልጽፈው አስቤ ሰነፍኩ። ትናንት ከዝናቡ በኋላ የመኪናዬን ምንጣፍ ገልጬ ወለሉን ደረቅ ሆኖ ሳገኘው አፈርኩ።

መኪናዋ የአባቴ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። ሁለት በር፣ ጣራዋ የሚታጠፍ። ሞዴሉ ቱሪን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በፈረንጆቹ 1966 ነው፤ ቦዲውን የነደፈው ፒኒንፋሪና ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ግቢያችን ሣር ላይ ሸራ ለብሳ ቆመች። ሸራ ያለበስናት አዝነንላት ነበር። ለካ የክረምቱን እርጥበት አፍነን እያበሰበስናት ነው።

መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙ ይቅር። በ2 ሳምንት እንደ ቲማቲም ቀልታ ወጣች። ጎረቤት ሁሉ አየልኝ። በዓመቱ ጎማ ልንቀይር ክሪክ ስናስገባ ክሪኩ ወደ ላይ ወጣ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ላሜራውን በስቶ ገብቷል።

ጎሚስታው ነው “አለም ገና ላይ ቦዲ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ” ያለኝ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ የጀመሩት በማግኔት ነው። ማግኔት ላሜራ ይይዛል፣ ስቱኮ (ከቀለም በፊት ጉድጓድ የሚደፈንበት ሊጥ) አይይዝም። ከበሩ ስር ሲያስጠጉት ወደቀ። ትንሽ ፈቅ አድርገው ሞከሩ፣ አሁንም ወደቀ። ከዚያ ካቻቢቴ አምጥተው ገፋ ቢያደርጉት እስከ እጀታው ገባ። “ልጄ፣ ይሄ መኪና አይደለም፤ ኬክ ነው” አሉኝ። ላለቅስ ስል ሳቄ መጣ። ስቱኮው ሲራገፍ የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭና የታጨቀ ጋዜጣ ወጣ። ከስር ደግሞ ካትራሜ (ሬንጅ) ተለቅልቋል። (ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ካቻቢቴ፣ ካትራሜ… መኪናዋም ጣሊያን፣ ቃላቱም ጣሊያን።)

ይህች መኪና እንደ ፒካፕ ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የላትም። ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው። የብረት ጣራ ስለሌላት ደግሞ ጥንካሬዋ በአብዛኛው ወለሉና ከበሮቹ ስር የሚሄዱት ባዶ የላሜራ ሳጥኖች ላይ ነው። እነሱ ከበሰበሱ መሃሏ ይጎብጣል። በሯ አልዘጋ ብሎኝ የከረመው ለዚህ ኖሯል። እኔ እቴ ማጠፊያውን ዘይት ስቀባ!

ጋሼ መቁረጥ አልቸኮሉም። ባትሪውን ፈቱ፣ ወንበሩንና የቤንዚን ታንኩን አወጡ። በየበሩ ክፍተት፣ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው፣ ቱቦላሬ በየዱ። ሲቆረጥ እንዳትጎብጥ ነው። ሰያፉን፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሜትር ለክተው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፉት። ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ቆረጡ፤ እሱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ብየዳው ነጥብ ነጥብ ነው፦ አንድ እዚህ፣ አንድ ራቅ ብሎ። ስስ ላሜራ በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ በሙቀት ይጣመማል። ረዳታቸው ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ቢያመጣ “ሲበየድ መርዛም ጭሱን ማን ሊስበው ነው?” ብለው መለሱት። በመጨረሻ ሳጥኖቹ ውስጥ እንዳይዝጉ ሰም ረጩ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹንም ከፈቱ። የመጀመሪያው ጋራዥ ሰዎች በካትራሜ ደፍነዋቸው ነበር!

እንከን የለሽ ናቸው አልልም። 2 ወር ብለው 5 ወር ፈጀባቸው። መብራት ጠፍቶ ቁጭ ብለን ቡና የጠጣንባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ስልክ ማንሳት አይወዱም። ዋጋቸውም ቀለም ቀብቶ ከመሸኘት ጋር አይወዳደርም። ግን የቆረጡትን ብረት ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጠው “የከፈልሽበት ነው፣ እይው” ይሉኝ ነበር። የትኛው ጋራዥ ነው እንዲህ የሚያደርገው?

አሮጌ መኪና ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ቀለም አታስቀቡ፣ ይናደዳሉ። ሳያዩ ዋጋ ንገሩኝ ብትሏቸውም አይነግሯችሁም። ውሻው ይጮሃል እንጂ አይነክስም።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎ፦ በሩ አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። እግዜር ይስጥልኝ።