ለዕረፍት ሄጄ ከእናቴ ጋር የሞከርነው የአረጋውያን አፓርትመንት

ለዕረፍት አገር ቤት በገባሁበት ሰሞን ራሳቸውን ለቻሉ አረጋውያን በተሠራ አንድ የአፓርትመንት ግቢ ከእናቴ ጋር ሰንብቻለሁ። ያረፍነው ውል ከመፈረማቸው በፊት ኑሮውን መቅመስ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች በሚያከራዩት፣ ዕቃው በተሟላ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። የግቢውን ስም አልጠቅስም። የምጽፈው እንደ እኔ ውጭ ሆኖ የወላጁን ማረፊያ ለሚያማርጥ ሰው ስለሆነ፣ ከስሙ ይልቅ ምን ምን ማየት እንዳለበት ቢያውቅ ይበጀዋል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሠራተኞቹም ትሑት ናቸው፤ ጉብኝቱ ግን የተሰናዳው ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ነው።

ከበሩ ጀምሮ ያስታውቃል። አስጎብኚዋ ስለ ካሜራው፣ ስለ ጥበቃው፣ ከውጭ ስለሚላከው ክፍያ የምታስረዳው ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነው። «እርስዎ እዚያ ሆነው ሐሳብ አይግባዎት፤ ለእማማ እኛ አለንላቸው» ትለኛለች። እማማ የተባለችው እናቴ በዚያን ጊዜ የመኝታ ቤቱን በር ስትከፍት ስትዘጋ ነበር። ቁርጥማት ጣቶቿን ስለሚይዛት ክብ እጀታ መጠምዘዝ አይሆንላትም፤ ይኸኛው ወደ ታች የሚጫኑት ዓይነት ስለሆነ በክርኗም ሞከረችው፣ ተከፈተ። ከዚያ ዘወር ብላ ሦስት ነገር ጠየቀች። በሩን ከውስጥ መቆለፍ ይቻላል? እንግዳ ቢመጣብኝ ማደር ይችላል? ምግቤን ራሴ ባበስል የሚከለክለኝ አለ? ሦስቱም በብሮሹሩ ላይ የሉም። መቆለፍ ይቻላል፣ መለዋወጫ ቁልፍ ግን ጥበቃው ዘንድ ይቀመጣል። እንግዳ ያድራል፣ ከጥቂት ሌሊት ካለፈ ግን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ማብሰልን የሚከለክል የለም። ለሦስተኛው መልስ እናቴ «ተመስገን» አለችና አስጎብኚዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈገግታ አየቻት።

አዳራሹ እንደ ሆቴል ነው። ወለሉ የሚያንጸባርቅ እብነ በረድ፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ቢጫ። ለፎቶ ያምራል። ችግሩ፣ ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ የዓይን ሌንስም ይደበዝዛል፤ በ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ የሚያርፈው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚያርፈው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። የሚያብለጨልጭ ወለል ደግሞ እርጥብ ስለሚመስል ሽማግሌውን እግሩን እየጎተተ እንዲሄድ ያደርገዋል። እናቴ አዳራሹን ያቋረጠችው ክንዴን ይዛ ነው፤ ደማቅ መብራትና ሻካራ ወለል ያለውን የላይኛውን ኮሪደር ግን ብቻዋን ሄዳበታለች። ማን የትኛውን ቦታ ታስቦለት እንደተሠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለ ዓይነቱም ግልጽ እንሁን። ይህ መጦሪያ አይደለም፣ አስታማሚ ያለበት ቤትም አይደለም። የሚሰጠው የራስን ቤት፣ ሊፍት ያለው ሕንፃ፣ ጽዳት፣ የጋራ መመገቢያ፣ መኪናና የድረሱልኝ ደወል ነው። ገላ የሚያጥብ፣ ልብስ የሚያለብስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጥ የለም። ማን እዚህ ቢገባ እንደሚሆንለት ለመለየት ሐኪሞች የሚሠሩባቸው ሁለት የቆዩ መለኪያዎች ከብሮሹሩ ይሻላሉ። አንደኛውን ሐኪሙ ሲድኒ ካትዝ ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፤ የሚጠይቀው ስድስት ነገር ነው፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ በራስ እጅ መመገብ። ሁለተኛውን ፓወል ላውተንና ኢሌን ብሮዲ በ1969 እ.ኤ.አ. አወጡት፤ ስልክ መጠቀምን፣ መገብየትን፣ ማብሰልን፣ ቤት መያዝን፣ ልብስ ማጠብን፣ ከቦታ ቦታ መጓጓዝን፣ መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድንና ገንዘብ መያዝን ይመለከታል።

እናቴ የመጀመሪያዎቹን ስድስቱን ያለ ማንም ትወጣቸዋለች። ከስምንቱ ግን ገበያ መውጣቱና መጓጓዣው እየከበዳት ነው። ግቢው የሚያግዘውም በእነዚሁ ስለሆነ ለእሷ ልክ ነው። መድኃኒቱን ወስዶ እንደሆነ የሚጠፋበትን ወይም ከአልጋ ለመነሳት ሰው የሚጠብቅን ወላጅ እዚህ ማስገባት ግን ችግሩን ጥሩ መጋረጃ ወዳለው ክፍል ማዛወር ብቻ ነው።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞቱ፣ ለሞት በሚያበቃ አወዳደቅ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቁትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት እንደሆኑ ይናገራል። ስለዚህ ከሳሎኑ ይልቅ እዚህ ብዙ ቆየሁ። የሻወሩ ወለል ከቀረው ክፍል ጋር እኩል ነው፣ የሚሻገሩት ደፍ የለውም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእጅ መያዣው ብረት ግድግዳው ውስጥ በደንብ ስለተቀበረ ሙሉ ክብደቴን ጥዬበት አልተነቃነቀም። ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው ግን ፎጣ መስቀያ ነው እንጂ መያዣ አይደለም፤ መልኩ አንድ ስለሆነ የሚነሳ ሰው ሳያስበው ይይዘዋል። ውኃው ከሚገባው በላይ ይሞቃል። 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ ቆዳ ለማቃጠል ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ 60 ሲደርስ ሴኮንዶች ይበቃሉ፣ የአረጋዊ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ብንነግራቸው የጥገና ሠራተኛው በዚያው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቀነሰልን።

የደነገጥኩት በድረሱልኝ ገመዱ ነው። ከኮርኒሱ የሚወርደው ቀይ ገመድ ጫፉ ተጠቅልሎ፣ ከደረቴ ከፍ ብሎ ተቋጥሯል። የጽዳት ሠራተኛዋን ብጠይቃት «ሲወለወል መጥረጊያው ላይ ይጠመጠማል» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን ገመዱ የተሠራው ለቆመ ሰው አይደለም። የብሪታንያ የሕንፃ ደረጃ እንዲህ ያለው ገመድ ሁለት ቀለበት እንዲኖረውና የታችኛው ከወለሉ 100 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ እንዲል የሚያዘው ወለል ላይ የተዘረረ ሰው እንዲደርስበት ነው። ወድቆ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይነሳ የቆየ አረጋዊ አጥንቱ ባይሰበር እንኳ ሰውነቱ ውኃ ያጣል፣ ጡንቻው ይጎዳል፣ ቆዳው ይቆስላል። ቋጠሮውን ፈታሁት። ወደምታማርጡት ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ እዚህ ገመድ ጋ ሂዱ፤ ተቋጥሮ ካገኛችሁት ማንም ሞክሮት አያውቅም ማለት ነው።

አስቀድሜ ለአስተዳደሩ አሳውቄ ማታ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ገመዱን ሳብኩት። በግድግዳው ድምፅ ማጉያ አንድ ወንድ «ምን ልርዳ?» አለ፣ ብዙም ሳይቆይ በሩን አንኳኳ። የሌሊቱ ጥበቃ ነው። ፈጣን ነው፣ ቅን ነው፣ እናቴን «እትዬ ደህና ነዎት?» ብሎ ወንበር አቀረበላት። የመጀመሪያ እርዳታ ሠልጥኖ እንደሆነ ስጠይቀው ግን አልሠለጠነም፤ ሥራው አምቡላንስ መጥራትና ለቤተሰብ መደወል ነው። በብሮሹሩ ላይ «የ24 ሰዓት ክትትል» የተባለው ይኸው ነው። ውሸት አይደለም። ቀን ቀን ነርስ አለች፣ እሷም የደም ግፊት ትለካለች፣ ከዚያ ያለፈ ሕክምና አትሰጥም።

መኪናው እንደተባለው ነው፤ በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ወደ ሆስፒታልና ወደ ገበያ ይወስዳል፣ ከአንድ ቀን በፊት መመዝገብ ያስፈልጋል። ሾፌሩ ወርዶ ደግፎ ያሳፍራል። ዘመድ ለመጠየቅ ግን አይሆንም፣ ለእሱ ታክሲ ነው። ጽዳቱ እንከን የለውም።

የመመገቢያ አዳራሹ ጊዜ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ምሽት እናቴ ሳህኗን ይዛ መስኮት ዳር ልትቀመጥ ስትል «እዚያ የሚቀመጡ አሉ» አሏት። ሌላ ወንበር፣ ያው መልስ። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ሰው ለዓመታት አብሮ ሲበላ ወንበሩ ስም ያወጣል። ለአዲስ ገቢ ቦታ የሚያሳይ ሠራተኛ አለመኖሩ ግን የአስተዳደሩ ጉድለት ነው። በኋላ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት «ነይ እንጂ እኅቴ» ብለው ጠሯት፤ ከዚያ ወዲያ እናቴን ለእራት ፍለጋ መውረድ የእኔ ሥራ ሆነ። ሠራተኛ በሌለበት ነዋሪዎቹን ያጫወትናቸው በዚህ ጠረጴዛ ነው፣ ጠቃሚውም ወሬ የተገኘው ከዚሁ። ሊፍቱ ሲበላሽ ስንት ቀን ይቆያል? ባለፈው ዓመት የለቀቁት ለምን ለቀቁ? ኪራይ ሲጨመር ስንት ጊዜ ቀድሞ ይነገራል? አስጎብኚዋ ሊፍቱ «ሁልጊዜ ይሠራል» ብላን ነበር። መምህርቷ ሳቁ። የቆመ ዕለት አራተኛ ፎቅ ያሉት ምሳቸው ወደ ክፍላቸው እንደሚመጣላቸው፣ ከቤት መውጣት ግን እንደሚቀር ነገሩን። እናቴ ቤት ከወሰደች አንደኛ ፎቅ ነው፤ ይህ ያኔውኑ ተቆረጠ።

ውሉን ክፍላችን ይዘን ገብተን እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ እኔ እያነበብኩላት፣ አንቀጽ በአንቀጽ ሄድንበት። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የወር ክፍያውን ነው። እኛን ያስጨነቀን ሌላ ነው። «ነዋሪው ራሱን ችሎ መኖር ካልቻለ አስተዳደሩ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል» ይላል። አለመቻሉን የሚወስነው ማን ነው? የራሷ ሐኪም ነው፣ የግቢው ነርስ ናት ወይስ ሥራ አስኪያጁ? ከተወሰነስ በኋላ ለመልቀቅ ስንት ቀን ይሰጣል? ልጆቿ ሁሉ ባሕር ማዶ ለሆኑ ሴት የቀኑ ቁጥር ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ትኬት ቆርጦ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ሌላ ቤት ፈልጎ ማዛወር በአንድ ሳምንት አይሆንም።

ሁለተኛው የረዳት ጉዳይ ነው። ነገ ጉልበቷ ቢደክም በራሳችን ወጪ ሰው ብንቀጥርላት ይገባል ወይ? ማደርስ ይችላል? ይህ አንቀጽ የሚፈቅድ ከሆነ እናቴ ቤቷን ሳትለቅ ብዙ ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ የሚከለክል ከሆነ መጀመሪያ ስትደክም መውጣት አለባት። ውሉ ዝም ብሏል፣ ዝም ያለ ውል ደግሞ የሚተረጎመው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ሦስተኛው መግቢያ ላይ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ብትለቅ ምን ያህሉ ይመለሳል፣ መቼ? የሚመለሰው ክፍሉ ለሌላ ሰው ከተከራየ በኋላ ነው የሚሉ ግቢዎች አሉ፤ ያ ማለት ገንዘባችሁ ያልታወቀ ነዋሪን ይጠብቃል። እግዜር አያምጣውና ብትሞትስ፣ ዕቃዋ እስኪወጣ ኪራዩ ይቆጠራል? ይህን ጮክ ብዬ ማንበብ ሲከብደኝ እናቴ ናት «ጠይቀው፣ እኔ አልፈራውም» ያለችኝ። እኔ ዘንድ ለወራት ብትመጣስ የምግቡ ሂሳብ ይቆማል? ይህን እሷ ጨመረችው።

የአደጋ ጊዜ ተጠሪ በሚለው ቦታ የእኔን ስልክ ሊያስገቡ ነበር። አስቁሜያቸዋለሁ። የእነሱ እኩለ ሌሊት ለእኔ ሥራ ላይ ያለሁበት ሰዓት ነው፣ ባነሳም ከዚያ ማዶ ሆኜ በር መክፈት አልችልም። ቅርብ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ሆነን ተጻፍን።

ወንድሜ ደውሎ «ታዲያ ጥሩ ነው?» አለኝ። ለእናታችን፣ ዛሬ ባለችበት አቅም፣ አዎ ነው። ቤቷን የምትወድ፣ ሰው የምትወድ፣ ደረጃና ገበያ ብቻ ያስቸገሯት ሴት ናት። ከዚያ ያነሰ አቅም ላለው ወላጅ ገንዘቡን በቤቱ ለሚረዳው ሰው ቢያውሉት ይሻላል እላለሁ። እሷም የምትገባው ለአንድ ዓመት ውል ነው፤ የራሷን ቤት አትሸጥም፣ ታከራየዋለች። ይህ የእሷ ውሳኔ ነው፣ እኔ ብቻዬን ቢሆን ለመሸጥ እቸኩል ነበር።

ጥያቄዎቻችንን በጽሑፍ ሰጥተን በጽሑፍ መልስ እንፈልጋለን ብለናል። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ትንሽ ጠቆር ቢልም ተቀበሉ። የሌሊት ረዳት እንደሚፈቀድ የሚገልጽ ተጨማሪ አንቀጽ ፈርመው ልከዋል፣ ለመልቀቅ የሚሰጠውንም ጊዜ አራዝመዋል። ስለሚመለሰው ገንዘብ የጻፉት ግን «እንደ ሁኔታው ይታያል» የሚል ነው። ሁኔታውን በቀንና በመቶኛ ጽፈው እስኪልኩልን እናቴ አትፈርምም።