የውሻ ትል፦ በየ3 ወሩ ክኒን ወይስ ሰገራ ማስመርመር?

ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ልጆቹና ቡቺ አንድ አፈር ላይ ነው የሚጫወቱት። ጉዳዩ የውሻው ብቻ አይደለም።

ክኒን፦ ቀላል ነው፤ በሥጋ ጠቅልሎ ማጉረስ። ግን መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ መጀመሪያ ይመዘን።

ምርመራ፦ ወጪ ይጨምራል። ያለምክንያት መድኃኒት ከመስጠት ግን ያድናል። የትሉ እንቁላል በዚያ ቀን ከሰገራው ጋር ካልወጣ ትሉ ሊያመልጥ ይችላል።

ቡችላ ካላችሁ ምርመራ አትጠብቁ። ትሉን ከእናቱ ማህፀን ይዞ ሊወለድ ስለሚችል ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ መድኃኒቱ ይሰጠው። ሥጋ ቤት ደጃፍ ጥሬ ጉበትና ሳንባ የሚለቅም ውሻ ደግሞ 3 ወርም ይረዝምበታል። ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ያለበትን ክኒን በየ6 ሳምንቱ ስጡት። ውሻው ከጥሬው ጉበትና ሳንባ የሚይዘው ትል ወደ ሰው ሲተላለፍ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ያበቅላል።

ከግቢ የማይወጣ፣ የበሰለ ብቻ የሚበላ፣ ሕፃን የሌለበት ቤት የሚኖር ትልቅ ውሻ? ምርመራው ይበቃዋል።