ባሕር ዳር ላይ እየተጠቀምኩበት ያለው የዓይነ ስውራን የእጅ አምባር

ይህ አምባር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ መልሱን ልናገርና ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ እንየው። ነጭ በትሩን፣ እኛ ኬን የምንለውን፣ ይዞ ለሚሄድ ዓይነ ስውር ይህ አምባር በጣም ይጠቅማል። ኬኑን ቤት ጥሎ በእሱ ብቻ ለመውጣት ለሚያስብ ግን አደጋ ነው።

እቃው እንደ ሰዓት እጅ ላይ ይታሰራል። ካሜራ የለውም፣ አያወራም። የሚሠራው በአልትራሳውንድ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለ ድምፅ አይሰማም፣ እንዲህ ያሉ ሴንሰሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 40 ሺህ አካባቢ ያለ ድምፅ ይልካሉ፣ ድምፁ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ነክቶ እስኪመለስ የፈጀበትን ጊዜ አምባሩ አስልቶ ርቀቱን ያውቃል። የሌሊት ወፍም በጨለማ የምትበረው በዚሁ ዘዴ ነው። ነገሩ ሲቀርብ ንዝረቱ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል። በቃ፣ ሥራው ይኼው ነው።

ኬን የያዘ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ኬን መሬቱን ይነግራል እንጂ ከወገብ በላይ ያለውን አይነግርም። በከተማችን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመታን ከወገብ በላይ ያለው ነው። መንገድ ዳር የቆመ አይሱዙ፣ ወደ እግረኛ መንገድ የወረደ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ግንባታ ባለበት ሁሉ ወደ ውጭ የተረፈ አጣና። ከመካከላችን ግንባሩ ላይ ጠባሳ የሌለው ስንቱ ነው? አምባሩ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ኬኑ በአይሱዙው ጭነት ሥር ገብቶ ባዶ ሲያገኝ እጄ ቀድሞ መንዘር ይጀምራል። ቆም እላለሁ፣ እጄን ቀስ አድርጌ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞራለሁ፣ ንዝረቱ በሚቆምበት በኩል አልፋለሁ። የሱቅ ሸራ የተወጠረበትን ገመድ ግን አትመኑበት። ቀጭን ነገር ድምፁን በደንብ ስለማይመልስ ዝም ይላል።

ከሁሉ የወደድኩት ጆሮዬን አለመንካቱ ነው። ባሕር ዳር የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት። ባጃጅ ይሰማል፣ ብስክሌት ግን የሚሰማው አጠገብ ሲደርስ ነው፣ ለዚያውም ጆሮ ነጻ ከሆነ። ጆሮ ውስጥ እያወራ የሚመራ እቃ አስፋልት ላይ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሞከረው ያውቃል። ኦርካም ማይአይን የመሰሉ፣ መነጽር ላይ በማግኔት የሚለጠፉ ካሜራዎች የታተመ ጽሑፍ ያነባሉ፣ ይህ አምባር ያንን አያደርግም። ሥራቸው የተለያየ ነው። ግን የሚናገር እቃ ሁሉ ቋንቋ ይፈልጋል፣ አማርኛ የሚያነብ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ንዝረት ቋንቋ አይፈልግም። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ሊሞክረው ቢፈልግ እጁ ላይ አስራችሁለት ግድግዳ ፊት ብታቆሙት ወዲያው ይገባዋል።

ባንክ ሰልፍ ላይ ደግሞ ያላሰብኩትን ጥቅም አገኘሁበት። አምባሩ የሚነዝርበትን ርቀት ዝቅ አድርጌ እጄን ወደ ፊት አዞራለሁ። ከፊቴ ያለው ሰው ሲራመድ ንዝረቱ ይቋረጣል፣ እኔም እራመዳለሁ። «ሂድ እንጂ ወንድሜ፣ ተራው ደርሷል» የሚል አያስፈልገኝም።

ቅዳሜ ገበያ ግን አይሆንም። ሰው በሰው ላይ ነው፣ እጄ ሳያቋርጥ ሲነዝር ምንም መረጃ አይሰጠኝም፣ ስለዚህ አጠፋዋለሁ። ጠዋት ጋቢ ለብሶ ወደ ጊዮርጊስ ለሚሄድም ችግር አለ፣ ጋቢው ሴንሰሩን ከሸፈነው ያለማቋረጥ ይነዝራል። ደግሞ መንገድ ላይ «ልሻግርህ» ብሎ ክንዴን የሚይዘኝ ደግ ሰው ወደ ፊቴ ሲመጣ አምባሩ እሱንም እንደ እንቅፋት ነው የሚያየው። የያዘኝን ሰው አመሰግንና በዚያ ጊዜ አምባሩን እረሳዋለሁ።

አሁን ዋናውን አደጋ ልናገር፣ እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። አምባሩ የሚያውቀው ከፊት ያለ ነገርን ነው፣ ጉድጓድን አያውቅም። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ፣ ለቱቦ የተቆፈረ የእግረኛ መንገድ፣ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ፣ እነዚህ ሁሉ ለእሱ ክፍት መንገድ ናቸው። ጣና ዳር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ወደ ውሃው ስትጠጉ ድምፁ ጠፍጣፋው ውሃ ላይ ተንሸራቶ ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይመጣም። አምባሩም ዝም ይላል። የእሱ ዝምታ ደግሞ «መንገዱ ክፍት ነው» ማለት ነው! ሐይቁ ዳር አጥር በሌለበት ቦታ ሁሉ የሚያድናችሁ የኬኑ ጫፍ ብቻ ነው። ወንድም ወይም እህት ዓይነ ስውር ያላችሁ ይህን እቃ ገዝታችሁ ስትሰጡ ይህንን አብራችሁ ንገሩ፣ ሻጮች ሲያስተዋውቁ ስለ ጉድጓድ ብዙም አያነሱም።

የኔን እህቴ ናት ከውጭ ይዛልኝ የመጣችው። ለእኛ አገር ዋጋው ይከብዳል፣ ብዙ ተማሪ በራሱ የሚችለው አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን እየተዋሱ የሚጠቀሙባቸው ጥቂት አምባሮች ቢያስቀምጡ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው እቃው ለእሱ ይሁን አይሁን የሚያውቀው አስሮ መንገድ ሲሄድበት ነው።

ለመግዛት የምታስቡ፣ ቁልፎቹ በጣት ተዳብሰው የሚለዩ መሆናቸውን አረጋግጡ። ኬን በማትይዙበት እጅ እሰሩት። የስልክ አፕ ካለው ቶክባክ፣ ማለትም ስልኩ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም፣ ሁሉንም ቁልፍ ማንበቡን ሳትከፍሉ በፊት ሞክሩ፣ ርቀት መቀነሻው እዚያ ውስጥ ከሆነና ቶክባክ ካላነበበው ሁልጊዜ የሰው እጅ ጠባቂ ትሆናላችሁ። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ይበቃዋል።