«ጠብታ አታፈስም» ሲሏችሁ ጠርጥሩ

አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ልትገዙ ካሰባችሁ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ከከፈልኩ በኋላ ነው የገባኝ።

የገዛኋት የ1967 ትራያምፍ ቦነቪል ናት። ሻጩ «ሙሉ ለሙሉ ታድሳለች፣ ጠብታ አታፈስም» አለኝ። ስደርስ ሞተሯ ታጥቦ እንደ መስታወት ያበራል። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። አስነስቶ ሁለት ደቂቃ አሰማኝና አጠፋው። እውነትም ጠብ ያለ ነገር የለም። ዘይቱ ሞቆ እስኪቀጥን ጊዜ ካላገኘ ከየት ይምጣ?

በነጋታው ግማሽ ሰዓት ነድቼ ስወርድ አንዱ ጫማዬ በዘይት ርሷል። ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) በላይ ካሉት ክዳኖች ይወርዳል፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች ከሚያልፉባቸው የፑሽሮድ ቱቦዎች ሥር ይወርዳል፣ ሁለቱ የሞተር ግማሾች ከሚገጥሙበትም እንዲሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ በየመጋጠሚያው ቀይ የማሸጊያ ሲሊከን እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ ወጥቷል። ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ) የቀየረ ሰው የለም፤ ተለስኖ ነው የተሸጠልኝ።

ወደ ውጭ ያን ያህል ከወጣ ወደ ውስጥም ገብቷል ማለት ነው። ከሞተሩ ሥር ያለውን ወንፊት ፈታሁት። የሲሊከኑ ቁርጥራጭ እንደ ቀይ ትል ተጠቅልሎበታል። እነዚህ ሞተሮች ዘይታቸው ያለው ለብቻው በተሠራ ታንክ ውስጥ ነው። ፓምፑ ከታንኩ ወደ ሞተሩ ይልካል፣ ሥር የተጠራቀመውን ደግሞ በዚያ ወንፊት በኩል ስቦ ይመልሳል። ወንፊቱ ከተደፈነ ታንኩ ይጎድላል፣ የሞተሩ ሆድ ይሞላል። ታንኩ ባዶ ሲቀር ዋናው ዘንግ የሚዞርበት ብሮንዚን ይበላል፣ ዘንጉ ራሱ፣ ኮሎውም አይተርፍም። ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

እናንተ ስትሄዱ አስቀድማችሁ «እንዳታጥቧት፣ እንዳታስነሷት» በሉ። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ሲነሳ የታንኩን ክዳን ክፈቱና ወደ ውስጥ እዩ፤ ዘይቱ በመመለሻው ቱቦ እየተፋ መግባት አለበት። ካልመጣ ቶሎ አጥፉት። ለሳምንታት ቆማ የነበረች ከሆነ ዘይቱ በፓምፑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሊወርድ ይችላል፤ ስትነሳ የምታፈሰው ይሄንን ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ለዚህ ብሎ ቧንቧው ላይ መዝጊያ ይገጥማል። እኔ አልወደውም። አንድ ቀን ሳይከፍቱት ካስነሱ ሞተሩ አለቀ።

ከዚያ በደንብ ንዷትና ካርቶን ላይ አቁሟት። ሁለት ሦስት ጠብታ አያስደንግጣችሁ፣ ጓርኒሲዮንና ፓራሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ይቀየራል። ዘይት ግን ተንኮለኛ ነው፤ ላይ ወጥቶ በንፋስ ወደ ኋላ ይገፋል፣ የረጠበው ቦታ ሁሉ የሚያፈሰው አይደለም። ሞተሩን አጽድታችሁ ፓውደር ብትነሰንሱበት መነሻውን ያሳያችኋል። የሚያስፈራው የመተንፈሻው ቱቦ ጭስ ሲተፋ ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ግፊቱ ወደ ታች እየወረደ፣ ዘይቱን በየቀዳዳው ያስወጣዋል። እዚህ ላይ ጓርኒሲዮን ብትቀያይሩ ድካም ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «የእንግሊዝ ሞተር ካላፈሰሰ ዘይት የለውም ማለት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቀልዷን አውቃታለሁ። ስከፍለው ግን እንዲህ አላለኝም፤ «ጠብታ አታፈስም» ያለኝን ደግሞ ወረቀት ላይ አላስጻፍኩትም። እናንተ አስጽፉ።