ቀርሜሎስን በእግር መውጣት ለምታስቡ

እንግዳ እኛ ወዳለንበት ወደ እስራኤሏ ሃይፋ ሲመጣ ሁላችንም መጀመሪያ የምንወስደው ከባሃኢ ሃይማኖት አትክልት ቦታ በላይ ወዳለው የሉዊ መናፈሻ ነው። ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። 19ኙ እርከን ከእግር ስር ቁልቁል ይወርዳል፣ ወደቡ ከነመርከቦቹ ይታያል። ግን እዚያ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ የተመለሰ ሰው ቀርሜሎስን አየሁ ቢለኝ አልስማማም። ዋናው ተራራ ከከተማው ጀርባ ነው፤ ባሕሩን በቀኝ፣ ሜዳውን በግራ እያደረገ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል። ከፍተኛው ቦታ 546 ሜትር ብቻ ነው። ለጎንደር ሰው ይሄ ጉብታ ነው፣ ግን ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ሽቅብ ስለሚል ቁመቱ ከቁጥሩ ይበልጣል።

መንገዶቹ በደንብ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ድንጋይ ላይ ሁለት ነጭ መስመር፣ በመሃላቸው አንድ ቀለም፦ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር። የጀመራችሁበትን ቀለም አትልቀቁ። መስመሩ ታጥፎ ከተሳለ እናንተም ታጠፉ ማለት ነው። ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ አንድ ላይ ካያችሁ ደግሞ ከዳን እስከ ኤላት የሚደርሰው ረጅሙ የአገር አቋራጭ መንገድ ላይ ናችሁ።

ወጣቶች የሚወዱት ከሃይፋ ዩኒቨርሲቲ አለፍ ብሎ ያለውን፣ "ትንሿ ስዊዘርላንድ" የሚባለውን ነው። ጠባብ ሸለቆ፣ ጥላ፣ ልጣቸው ተልጦ ግንዳቸው ቀይ የሆነ ዛፎች። ጥሩ ነው። ግን ድንጋዩ ከእግር ብዛት መስታወት ሆኗል፣ ዝናብ ከነካው ያንሸራትታል። ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ይዛችሁ አትግቡ።

ተራራው ላይ ባለችው የቤት ኦሬን መንደር አካባቢ ያለው ጉዞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ታኅሣሥ (ዲሴምበር) ወር ላይ ትልቁ የደን ቃጠሎ ያለፈው በዚያ በኩል ነው። 44 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ እስረኞችን ከእሳቱ ለማሸሽ በአውቶቡስ ሲሄዱ እሳቱ መንገድ ላይ የደረሰባቸው የእስር ቤት ጠባቂ ሠልጣኞች ነበሩ። ዛሬ ከቃጠሎው በኋላ ራሳቸው የበቀሉት ጥዶች እንደ ጤፍ ማሳ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ በመሃላቸው ጥቁር ጉቶ ብቅ ይላል። ከጥዶቹ በላይ ባሕሩ ይታያል። እዚያ ስሄድ ብዙም አላወራም።

እኔ ግን አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ሙህራቃ ነው የምለው። የቀርሜሎስ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው፣ ነቢዩ ኤልያስ ከ450ዎቹ የበኣል ነቢያት ጋር የተፋጠጠበት ቦታ ተብሎ ይታወቃል። ግቢው ውስጥ ሰይፉን ያነሳ የኤልያስ ሐውልት አለ፣ ገዳሙ የካቶሊኮች ነው። ጥቂት ሼቄል ከፍላችሁ ጣሪያው ላይ ትወጣላችሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ከፍዬ በቡድን ሄጄ ነበር። የቡድኑን ስም ይቅር። እዚያ ስንደርስ "ሃያ ደቂቃ አላችሁ" አሉን፣ ግማሹ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ አለቀ። ብሽቅ ብዬ ተመለስኩ። ለዚህ ቦታ ሃያ ደቂቃ ምን ይሆናል? በራሳችሁ ሂዱ፣ ዙሪያውን ባለው ጫካ በእግር ተዘዋወሩ፣ ጣሪያውን ለመጨረሻ አቆዩት።

በሁለተኛው እማዬን ይዣት ሄድኩ። እማዬ ጎንደር አጠገብ ባለችው አምቦበር ነው ያደገችው፣ ለቤተ እስራኤሎች በዓል ለሲግድ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ፊት ፊት እየሄዱ ተራራ የወጣች ሰው ናት። ዳገቱን ከእኔ በተሻለ ወጣችው። ጣሪያው ላይ በሰፌድ እንደተዘረጋ እህል መልክ መልኩ የተለየ እርሻ ከስራችን ተነጥፏል፦ የኢይዝራኤል ሜዳ። ወዲያ ማዶ ብቻውን ክብ ሆኖ የቆመው ታቦር ነው። በጠራ ቀን የአርሞንኤም ተራራ እንኳ ይታያል። እማዬ ግን ሜዳውን አየት አድርጋ ወደ ምዕራብ ዞረች። "ልጄ፣ ኤልያስ ብላቴናውን ዝናብ እንዲያይ ሰባት ጊዜ ሂድ ያለው ወደዚያ ነው?" አለችኝ። ባሕሩ በሩቁ ቀጭን የብር ክር ይመስላል። እጇን ዘርግታ መዳፏን ባሕሩ ላይ ደረበችው፣ የሰው እጅ የምታህለዋን ደመና እየለካች። ብዙ ቆየን።

ስትመለሱ ዳሊያት አል ካርሜል ቁሙ፣ የራሳቸው ሃይማኖት ያላቸው፣ ዓረብኛ ተናጋሪዎቹ የድሩዞች ከተማ ነው። ሴቶቹ ሳጅ በሚባል ጎባጣ ብረት ላይ የሚጋግሩትን ስስ ቂጣ በላብኔ፣ በተጠለለ ወፍራም እርጎ፣ ብሉ። እማዬ ሳጁን አይታ "ይሄማ የተገለበጠ ምጣድ ነው" አለች፣ ጋጋሪዋም እጇ ላይ ሊጥ እያዞረች ሳቀችላት።

ስለ ጊዜው፦ በዚህ አገር በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ አትሂዱ፣ ሙቀቱም ጭጋጉም አይን ይጋርዳል። የካቲትና መጋቢት ራቀፈት የሚባለው አበባ ከድንጋይ ስር ሲያብብ ነው ደስ የሚለው። እኛ ዓርብ ጠዋት በጊዜ እንወጣለን፣ ለሰንበት ከቀትር በኋላ ቤት እንገባለን። ከሁሉም የሚሻለው ሌሊት ዘንቦ የጠራ ጠዋት ነው፤ ውሃ ግን ለየራሳችሁ ሁለት ሊትር ያዙ።