የወሎን ምስሎች በስልክ ማሳየት፦ ፍርግርግ ወይስ አንድ በአንድ?

የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የሐይቅንና የደሴን ፎቶዎች በስልክ መተግበሪያ ለማቅረብ የሚያስብ ባለሙያ ትንንሽ ምስሎችን በሦስት ዓምድ ከመደርደርና እያንዳንዱን ምስል በማያ ገጹ ሙሉ ስፋት ከማሳየት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል።

ፍርግርጉ የሚፈልገውን ለሚያውቅ ሰው ይፈጥናል፤ የሐይቅን ውኃ ከጦሳ ተራራ በቀለም ብቻ ይለያልና። ሆኖም ምስሉ በካሬ ሲቆረጥ የቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ ጫፉን ሊያጣ ይችላል፤ የቤተ ማርያም የጣሪያ ሥዕሎችማ ከቀለም ነጠብጣብነት አያልፉም።

አንድ በአንድ የሚታየው ዝርዝሩንም ከሥሩ የሚጻፈውን መግለጫም ያስተናግዳል፤ ነገር ግን ዳታ ይበላል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግም ያደክማል። ለቅርስ ምስሎች እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ፍርግርጉ ግን፣ ቀላል ቅጂዎች ተዘጋጅተውለት፣ ለፍለጋ ገጹ ይቆይ።