ለድሪፍት የሚሠራ የመጀመሪያ መኪና፦ ሲልቪያ፣ ቢኤምደብሊው ወይስ 350ዜድ?

መኪና ገዝቶ ለድሪፍት፣ ማለትም የመኪናውን ኋላ ሆን ብሎ እያንሸራተቱ ለሚነዱበት ስፖርት፣ ሊሠራ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። መኪና መፍታትና መግጠም ሥራዬ ለሆነ ለእኔ ግን ቀዳሚው ጥያቄ፣ መኪናው ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ በምን ያህል ጊዜና ድካም ተጠግኖ እንደገና ሜዳ ይወጣል የሚለው ነው። ድሪፍት ጎማ ይበላል፣ ፍሪሲዮን ያቃጥላል፣ ፓራውልት ይነቅላል። ችሎታ የሚገኘው መሪ ይዞ በሚያሳልፉት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ጋራዥ ውስጥ ተገትሮ የሚከርም ባለ 500 ፈረስ ጉልበት መኪና ጀማሪን የሚያስተምረው ነገር የለም። ይህ ስፖርት ከሌሎቹ ይበልጥ የሚማርከኝም ሠሪውና ነጂው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በመሆናቸው ነው፤ ሌሊቱን ሲበይድ ያደረ እጅ በማግስቱ መሪ ይጨብጣል።

በዚህ ሚዛን የማወዳድራቸው ሦስት መኪኖች ኒሳን ሲልቪያ (ከኤስ13 እስከ ኤስ15 ያሉት ትውልዶች)፣ ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ (ኢ36 እና ኢ46) እንዲሁም ኒሳን 350ዜድ ናቸው። ሦስቱም ሞተራቸው ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማቸው የሚገፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶዮታ ኤኢ86ን ለምን እንዳስቀረሁት የሚጠይቅ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከ1983 እስከ 1987 የተመረተው ይህ ቀላል መኪና ከጃፓናዊው ድሪፍተኛ ከኬይቺ ፁቺያ ስም ጋር የተቆራኘና የድሪፍት ባህል ምልክት የሆነ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የሰብሳቢዎች ንብረት ሆኗል፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተሩም ነጂውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፍጥነት ሳያባክን እንዲነዳ ያስገድደዋል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5ንም የተውሁት በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት በመጀመሪያው ትውልድ 2265 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ነው፤ ጀማሪው መንሸራተቱን ሳያጣጥም መኪናው ዞሮ ያበቃል።

አካልና መሪ

ይኸው የአክስል ርቀት ሦስቱን መኪኖችም ይለያያቸዋል። ኤስ13 2475፣ ኤስ14ና ኤስ15 2525፣ 350ዜድ 2650፣ ኢ36 2700፣ ኢ46 ደግሞ 2725 ሚሊ ሜትር ነው። ርቀቱ ያጠረ መኪና ኋላው ቶሎ ይወጣል፣ ከአንዱ መታጠፊያ ወደ ሌላው ሲገለበጥም ፈጣን ነው፤ ሆኖም ነጂው ትንሽ ከዘገየ አይምረውም። የረዘመው መኪና ሁሉን ነገር ቀስ አድርጎ ስለሚያደርግ ለእጅም ለእግርም ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ ቢኤምደብሊው ለጀማሪ ገራም ነው የሚባለው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

የመሪ መቁረጫ ልክ፣ ማለትም የፊት ጎማዎች እስከ ጥጉ ሊዞሩ የሚችሉበት መጠን፣ ከአክስል ርቀት ያላነሰ ጉዳይ ነው። ኋላው ሲወጣ የፊት ጎማዎች መንሸራተቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለባቸው፤ መሪው የመጨረሻ ጥጉ ላይ ደርሶ ኋላው አሁንም ከቀጠለ ግን መኪናው መዞሩ የማይቀር ነው። ሲልቪያ በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። በጃፓን ለአሥርተ ዓመታት የድሪፍተኞች መኪና ሆኖ ስለኖረ፣ በመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ከምትገባ ተራ ሮንዴላ ጀምሮ የፊት ጎማን ከ60 ዲግሪ በላይ እስከሚያዞር ሙሉ የእገዳ (ሰስፔንሽን) ክፍል ድረስ ተዘጋጅቶለታል። ለቢኤምደብሊውና ለ350ዜድም የማዞሪያ ክፍሎች አሉ፤ ልዩነቱ በሲልቪያ ላይ ምርጫው ሰፊ፣ አሠራሩም በብዙ እጆች የተፈተሸ መሆኑ ነው። ቅር የሚያሰኘው አብዛኛው ኤስ13 ቸርኬው በአራት ብሎን የሚታሰር መሆኑና ይህም የቸርኬ ምርጫን ማጥበቡ ነው።

ሞተር

የሲልቪያ ዝነኛ ሞተር ባለ 2 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦው ኤስአር20ዲኢቲ ነው፤ በኤስ13 ላይ 205፣ በኤስ15 ላይ ደግሞ 250 ፈረስ ጉልበት ተብሎ ወጥቷል። ቀላል ነው፣ የቱርቦው ግፊት ሲጨመርለትም በደስታ ይቀበላል። ዋናው እንከኑ ዕድሜው ነው፤ ብዙ ባለቤቶች ተፈራርቀውበት፣ እያንዳንዳቸውም ትንሽ ትንሽ ግፊት የጨመሩበት ሞተር ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ማርሽ ስቶ ከልክ በላይ ሲጮህ ከቫልቮቹ በላይ ያሉት የመግፊያ ክንዶች ከቦታቸው ዘለው መውጣታቸውም የታወቀ ባሕርዩ ነው። በአሜሪካ 240ኤስኤክስ በሚል ስም የተሸጠው ኤስ13 ደግሞ ቱርቦ የሌለው 2.4 ሊትር ሞተር ነው ያለው። ብዙዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን ለመማሪያ ያህል በቂ ነው ባይ ነኝ።

ቢኤምደብሊው ስድስት ሲሊንደሩን በአንድ መስመር የደረደረ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አለው። የኢ36ቱ 328አይ 193፣ የኢ46ቱ 330አይ ደግሞ 231 ፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ እኩል ስለሚጎትት፣ የነዳጁን ፔዳል በአንድ ልክ ይዞ መንሸራተትን ማቆየት ለሚለማመድ ሰው ከቱርቦ ይልቅ ይመቻል፤ ቱርቦ ጉልበቱን ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ስለሚያመጣ ጀማሪውን ያደናግረዋል። ደካማ ጎኑ ማቀዝቀዣው ነው። የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያው ይሰነጠቃል፣ በውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለው ተሽከርካሪም በብዙዎቹ ፕላስቲክ ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከጋለ የሲሊንደሩ ራስ ይጣመማል፣ ራሱን ከብሎኩ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ጥርስም ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ ኢ46 የገዛ ሰው ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱንና የውሃ ማጠራቀሚያውን ገና ሜዳ ሳይወጣ በአዲስ ቢቀይር ብልህ ነው፤ የሚገዛው መኪና ካምቢዮው ማንዋል መሆኑንና አራቱም ጎማ የሚገፋበት ዓይነት አለመሆኑንም ያረጋግጥ። የኢ36 ኮምፓክት የሚባለው አጭር አካል ደግሞ የኋላ እገዳው ከቀደመው ኢ30 የተወረሰ ስለሆነ፣ ለሌላው ኢ36 የተሠሩ የኋላ ክፍሎች አይገቡለትም።

350ዜድ ከ2002 እስከ 2008 የተመረተ ሲሆን ባለ 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቪ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 280 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ስድስት ማርሽ ያለው ካምቢዮውም ጠንካራ በመሆኑ ሌሎች ሠሪዎች እየፈቱ ለሌሎች መኪኖች ይጠቀሙበታል። ሞተሩን ሳይነኩ ድሪፍት የሚጀመርበት መኪና ከሦስቱ ይኸኛው ነው። ክብደቱ ግን አንድ ቶን ተኩል አካባቢ ነው፤ ክብደትና ጉልበት ሲገናኙ ደግሞ ጎማ የሚበላው በፍጥነት ነው። ጎማውም ሰፊ ስለሆነ፣ በመኪናው ዋጋ የተደሰተ ገዢ የጎማውን ወጪ ሲያይ ይቀዘቅዛል። በ2005 እና በ2006 የወጣው፣ ከፍ ብሎ እንዲዞር የተሻሻለው ሞተር ዘይት በመጠጣት ስለሚታወቅ መለኪያውን አውጥቶ ሳያዩ መግዛት አይገባም።

ከስር ገብቶ ማየት

ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ያልታሰረ መኪና አንዱን ጎማ ብቻ ሲያሽከረክር ሌላው ቆሞ ስለሚያይ ለድሪፍት አይሆንም። አብዛኛው 3 ሲሪስ ክፍት ዲፈረንሻል ነው ያለው፤ በአንዳንድ 350ዜድና ሲልቪያ ላይ የሚገኘው በፈሳሽ የሚያስር ዓይነት ደግሞ ሲግል ይላላል። ለመማሪያ ውስጡን በብየዳ መቆለፍ ርካሹ መፍትሔ ነው፤ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ጎማው እየተንጫረረ ቢያስቸግርም በሜዳ ላይ ሁለቱን ጎማዎች እኩል ማስኬዱ አስተማማኝ ነው።

ኢ46 ሲገዛ መኪናውን አንሥቶ ከኋላ መግባት ግድ ነው። ዲፈረንሻሉን የተሸከመው የብረት አልጋ በአራት ቦታ ከወለሉ ላሜራ ጋር ይታሰራል፤ በእነዚህ አራት ማሰሪያዎች ዙሪያ ላሜራው የመቀደድ ልማድ አለው። ጭቃውን በብረት ብሩሽ ጠርጎ በባትሪ ብርሃን ሲታይ፣ ስንጥቁ መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ከማሰሪያው ጠርዝ የሚነሣ የዝገት መስመር ሆኖ ይወጣል። ጥቁር መከላከያ ቅባት አዲስ ሆኖ እዚያ ብቻ ከተቀባ መጠርጠር ነው። መጠገን ይቻላል፣ ማጠናከሪያ ብረትም ይበየዳል፤ ሥራው ግን ነዳጅ ታንክ እስከማውረድ ስለሚሄድ በዋጋው ላይ መታሰብ አለበት። በሲልቪያ ላይ ደግሞ የሚታየው ከወለሉ ስር የሚያልፉት ረጃጅም የሻንሲ ብረቶች በክሪክ መጨፍለቃቸውና የሾካብዞርበሩ ማቆሚያ ዙሪያ መዝገቱ ነው። ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ የኢ46ቱ ስንጥቅ አሳሳቢ ቢሆንም ቦታው የታወቀ ነው፤ የሲልቪያ ዝገት ግን የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው ቆርጠው ሲገቡ ነው።

ምርጫው

የመጀመሪያ መኪናውን የሚሠራ ሰው ቢጠይቀኝ ማንዋል ካምቢዮ ያለውን ኢ46 እመርጥለታለሁ፤ መለዋወጫው ከተጣሉ መኪኖች ሳይቀር ይገኛል፣ ባሕርዩ ይታገሣል፣ በሮቹና ፓራፋንጎዎቹም ቢጎዱ የሚያስለቅሱ አይደሉም። መሥራት የማይወድ፣ መንዳት ብቻ የሚፈልግና ጎማ መግዛት የማይከብደው ገዢ 350ዜድን ይውሰድ። ሲልቪያ የኔ ፍቅር ነው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ ያለ ጉዳት የቀረው ጥቂት ስለሆነና ዋጋውም ስለናረ፣ ግድግዳን ሳይፈሩ ለመማር በሚያስቸግር ደረጃ ውድ ሆኗል። የጋራዥ ሥራን በራሱ ደስታ አድርጎ የሚያይ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ትውልድ ጋር እንደሚገጥም ለማወቅ ወራት ቢፈጅበት የማይሰለቸው ሰው ግን ከሲልቪያ ሌላ ቢገዛ ልቡ አይረጋም።

ከሦስቱ የትኛውም ቢገዛ የወጪው ቅደም ተከተል አይለወጥም። ቀድሞ የሚመጣው ገላን አጥብቆ የሚይዝ ወንበርና ቀበቶ ነው፤ ማቀዝቀዣው፣ ዲፈረንሻሉና የመሪው መቁረጫ ይከተላሉ፣ የሃይድሮሊክ የእጅ ፍሬን ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሞተር መቀየር፣ ስምንት ሲሊንደር ማስገባትና ትልቅ ቱርቦ መግጠም ነጂው ያለውን ጉልበት እስከ ዳር ሲጠቀም የሚነሣ ጉዳይ ስለሆነ፣ በመግዣው ቀን በጀት ውስጥ ቦታ ሊሰጠው አይገባም።